ሬጌ ውስጥ ፕሮዲውሰር ምን ይሰራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሬጌ የሚወድ ሰው ሁሉ ቦብን ያውቃል፣ ፒተር ቶሽን ያውቃል፣ በርኒንግ ስፒርን ያውቃል፣ ኮክሰን ዶድ ማነው ስትሉት ግን ዝም ይላል። እኔ ደሞ ሬጌን በዘፋኝ ብቻ የሚሰማ ሰው ግማሹን አልሰማውም ብዬ ነው የማምነው፣ ስለዚ ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሬጌ ውስጥ ፕሮዲውሰር ብር የሚያወጣው ነው ወይስ ሙዚቃውን የሚሰራው?

ሁለቱንም ነው፣ ጣጣውም የሚጀምረው እዛ ጋር ነው። እኛ ጋር ስራው የተከፋፈለ ነው፣ ሙዚቃውን የሚሰራው አቀናባሪ ነው፣ ፕሮዲውሰር ሲባል ደሞ ብዙ ሰው የሚያስበው ካሴቱን ያሳተመውን ሙዚቃ ቤት ነው። ጃማይካ ውስጥ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ግን አንድ ሰው ነው ሁሉንም የሚይዘው፤ ስቱዲዮው የሱ ነው ወይም ሰዓቱን የሚከራየው እሱ ነው፣ ሙዚቀኛ የሚቀጥረው እሱ ነው፣ ዘፋኝ የሚመርጠው እሱ ነው፣ ይሄኛው ይውጣ ያኛው ይቅር የሚለው እሱ ነው፣ ሸክላውን አሳትሞ በራሱ ሱቅ የሚሸጠውም ማታ ሰፈር ውስጥ በራሱ ሳውንድ ሲስተም የሚያጫውተውም እሱ ነው። አንዳንዶቹ አንድም መሳሪያ አይጫወቱም ነበር። የነሱ ችሎታ ጆሮ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ህዝቡን ምን እንደሚያስነሳው ያውቃሉ።

እነዚህ ሰዎች ከየት ነው የመጡት?

ከዳንሱ ነው የመጡት። በ50ዎቹ ኪንግስተን ውስጥ ባንድ ቀጥሮ መደነስ ገንዘብ ላለው ነበር፣ ድሃው ሰፈር የነበረው ሳውንድ ሲስተም ነው፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ስፒከር ግቢ ውስጥ ይደረደራል፣ መግቢያ ይከፈላል፣ መጠጥ ይሸጣል፣ እስኪነጋ የአሜሪካ አር ኤንድ ቢ ይጫወታል። ፉክክሩ ሌላ ነው። እናንተ ጋር ያለው ሸክላ ሌላው ጋር ከሌለ ህዝቡ ወደናንተ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ ተቀናቃኝ ርዕሱን አንብቦ እንዳይገዛው ሸክላው መሀል ላይ ያለውን ፅሁፍ ፍቀው ያጠፉት ነበር። የሳውንድ ሲስተም ባለቤት የነበረው ኮክሰን ዶድ "ኮክሰን ሆፕ" ብሎ የራሱ መለያ ያደረገው አንድ ሸክላ ነበረው፣ ትክክለኛ ስሙን ማንም ሳያውቅ ለአመታት ሲያጫውተው ኖረ፣ በመጨረሻ ተቀናቃኙ ዱክ ሪድ አደን አድኖ አገኘው፣ ለካ የአሜሪካዊው ሳክስፎን ተጫዋች የዊሊስ ጃክሰን ስራ ነበር። ዱክ ሪድ ማለት የቀድሞ ፖሊስ ነው፣ የመጠጥ ሱቅ ነበረው፣ ሽጉጥ ታጥቆ ነው ዳንስ የሚመጣው፣ በኋላ የከፈተው ትሬዠር አይል ስቱዲዮም ቦንድ ስትሪት ላይ ከዛው ከመጠጥ ሱቁ በላይ ነበር።

በ50ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖቹ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል ሲዞሩ ለጃማይካ ዳንስ የሚሆን አዲስ ሸክላ እየጠፋ መጣ፣ እነ ኮክሰን፣ ዱክ ሪድና ፕሪንስ በስተር እዛው ያሉትን ሙዚቀኞች ሰብስበው ራሳቸው መቅዳት የጀመሩት ያኔ ነው። የፕሮዲውሰር ውሳኔ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ማየት ከፈለጋችሁ "ኦ ካሮላይና"ን ስሙት። በ1960 ገደማ ራስታ ማለት በከተማው የተናቀና በፖሊስ የሚሳደድ ሰው ነበር፣ ፕሪንስ በስተር ግን ሄዶ የካውንት ኦሲን የኒያቢንጊ (የራስታ ስርዓት) ከበሮ መቺዎች ስቱዲዮ ድረስ አመጣቸው፣ ፎልክስ ብራዘርስ እላዩ ላይ ዘፈኑ። ያ ከበሮ ወደ ጃማይካ ፖፕ የገባው ዘፋኙ ስለፈለገው አይደለም፣ ፕሮዲውሰሩ ጆሮ ላይ ስለቀረ ነው።

ስቱዲዮ ዋን ለምንድነው እንደዚህ የሚወራለት?

በ1963 ኮክሰን ብሬንትፎርድ ሮድ ቁጥር 13 ላይ የራሱን ስቱዲዮ፣ ስቱዲዮ ዋንን ከፈተ፣ ጃማይካ ውስጥ ባለቤቱ ጥቁር የሆነ የመጀመሪያው ስቱዲዮ ነው ይባላል። የራስ ስቱዲዮ መኖር ምን ዋጋ አለው ካላችሁ፣ ሰዓት ተከራይቶ የሚቀዳ ሰው ሰዓቱን እያየ ነው የሚቀዳው፣ የራሱ ቤት ያለው ግን ሙዚቀኞቹ ጠዋት ገብተው እስኪመሽ ሲሞክሩ ቢውሉ አይጨነቅም። እሁድ እሁድ ኦዲሽን ነበር፣ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በር ላይ ይሰለፋል። በዛ በር ማን ያልገባ አለ፣ ዌይለርስ፣ አልተን ኤሊስ፣ ኬን ቡዝ፣ ሄፕቶንስ፣ በርኒንግ ስፒር፣ ሆራስ አንዲ፣ ገና ልጅ እያለ ዴኒስ ብራውን። ቦብ ማርሌ እንደውም መኖሪያ አጥቶ ከስቱዲዮው ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ሲያድር ነበር።

ግን አንድ ነገር ልበል። ሸክላው ላይ ፕሮዲውሰር ሲ ዶድ ይላል፣ ሙዚቃውን በየቀኑ የሚያወጡት ግን ኪቦርድ ላይ ጃኪ ሚቱ፣ ቤዝ ላይ ሊሮይ ሲብልስ፣ ማሽኑ ላይ ደሞ ኢንጂነሩ ሲልቫን ሞሪስ ነበሩ። እኛ ሀገር ቢሆን ጃኪ ሚቱን አቀናባሪ ነበር የምንለው፣ ስሙም ፖስተሩ ላይ ይፃፍ ነበር። ኮክሰንን ለማሳነስ አይደለም፣ እነዚህን ሰዎች መርጦ አንድ ቤት ያሰባሰበው እሱ ነው፣ ግን የስቱዲዮ ዋንን ቤዝ ስትሰሙ የሲብልስን ስም አብራችሁ አስታውሱት።

ሪዲም ምንድነው? አስር ዘፋኝ አንድ ሙዚቃ ላይ ሲዘፍን መሰራረቅ አይሆንም?

ሪዲም ማለት ከዘፈኑ ላይ የዘፋኙን ድምፅ ስታወጡት የሚቀረው ነው፣ በተለይ ቤዙና ድራሙ፣ የራሱ ስምም አለው። ለምሳሌ "ሪል ሮክ" የስቱዲዮ ዋን ባንድ የነበረው ሳውንድ ዳይሜንሽን በ1967 አካባቢ የሰራው መሳሪያ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን ተሰርቶበታል፣ የዊሊ ዊልያምስ "አርማጊዲየን ታይም" እሱ ላይ ነው። ወጣቶቹ የምታውቁት ደሞ "ዲዋሊ" የሚባለውን ነው፣ ሌንኪ ማርስደን የሰራው የጭብጨባ ሪዲም፣ የሾን ፖል "ጌት ቢዚ"ም የዌይን ወንደር "ኖ ሌቲንግ ጎ"ም እሱው ላይ ናቸው፣ "ጌት ቢዚ" በ2003 ቢልቦርድ ላይ አንደኛ ወጥቷል።

ስርቆት ነው ወይ ለሚለው፣ ሰሚው ዳንስ ላይ የሚወደውን ሪዲም ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ቀጥሎ ማን ምን ብሎበት ይዘፍን ይሆን ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ ለዘፋኞቹም ፉክክር ነው። ስለዚ በባህሉ ነውር አይደለም። በገንዘብ በኩል ስታዩት ግን ሌላ ነው፣ ሙዚቀኛው ሪዲሙን ሲቀዳ አንዴ ይከፈለዋል፣ ቴፑ የፕሮዲውሰሩ ንብረት ነው፣ ከዛ ሀያ ዘፋኝ ቢያዘፍንበት አዲስ የሚያወጣው ወጪ ትንሽ ነው። ጥበቡም ብዝበዛውም ከአንድ ቴፕ ነው የወጡት።

ዳብን ማን ነው የጀመረው?

ዳብ ማለት የተቀዳ ዘፈን ላይ ድምፅና መሳሪያ እየቀነሱ፣ ኢኮ እየጨመሩ እንደ አዲስ የሚሰራ ሚክስ ነው፣ በስህተት ነው የተጀመረው ማለት ይቻላል። በ60ዎቹ መጨረሻ ረዲ ሬድዉድ የሚባል የስፓኒሽ ታውን ሳውንድ ሲስተም ባለቤት ትሬዠር አይል ሄዶ የፓራጎንስን አንድ ዘፈን ለዳንሱ ሲያስቀርፅ ኢንጂነሩ የዘፋኞቹን ድምፅ ሳይከፍተው ቀረ፣ ሙዚቃው ብቻ ወጣ። ሬድዉድ ማታ ሲያጫውተው ህዝቡ ራሱ ዘፈነበት። ከዛ በኋላ የሲንግሉ ጀርባ ላይ ድምፅ የሌለው ቨርዥን ማድረግ ልማድ ሆነ፣ ለፕሮዲውሰሮቹም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ለጀርባው ሌላ ዘፈን መክፈል ቀረላቸው። ዩ-ሮይም በ1970 የዱክ ሪድን ሪዲሞች ይዞ እላያቸው ላይ በማውራት ሀገሩን ያጥለቀለቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ወደ ጥበብ የቀየረው ግን ኪንግ ታቢ ነው። ስሙ ኦዝበርን ራዶክ፣ ሙያው ኤሌክትሮኒክስ ጥገና፣ ዋተርሃውስ ሰፈር ድሮሚሊ አቬኑ ላይ እቤቱ ውስጥ የሰራት ትንሽ ክፍል ነች፣ ባንድ የምታስገባ አይደለችም፣ መታጠቢያ ቤቷን የዘፋኝ ድምፅ መቅጃ አድርጓታል። እዛ ባንድ አይቀዳም፣ እንደ በኒ ሊ ያሉ ፕሮዲውሰሮች ሌላ ቦታ የቀዱትን ቴፕ ይዘው ይመጣሉ። ቴፑ 4 ትራክ ነው፣ ለየብቻ የሚከፈትና የሚዘጋ አራት መስመር ማለት ነው። አስቡት፣ ድራሙ በአንዱ ትራክ፣ ቤዙ በሌላው፣ ጊታርና ኪቦርዱ በሶስተኛው፣ የዘፋኙ ድምፅ በአራተኛው። ታቢ ሚክሰሩ ፊት ይቆማል፣ ቴፑ ይዞራል፣ ዘፋኙ አንድ መስመር ይጀምራል፣ ታቢ ድምፁን ይዘጋዋል፣ የመጨረሻዋ ቃል በኢኮ እየተደጋገመች ትርቃለች፣ ቤዝና ድራም ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ከዛ ጊታሩ ለአንድ ምት ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ ፀናፅሉን ደሞ በትልቁ ቁልፍ አጣርቶ ቀጭን ያደርገውና ፍስስስ እያለ ከፍ ይላል። ኮምፒውተር የለም፣ የሚያስታውስለት ማሽን የለም፣ ሁሉም በእጅ ነው፣ ስለዚ የዛን ቀን የወጣው ሚክስ ሁለተኛ አይደገምም። ዛሬ ሪሚክስ የምንለው ነገር በሙሉ ለዛች ክፍል ትልቅ እዳ አለበት፣ ይሄን ስል አጋንኜ አይደለም።

ታቢ ፕሮዲውሰር ነው ወይስ ኢንጂነር ካላችሁ፣ አብዛኛው ስራው ኢንጂነርነት ነው። ግን ሰው የሚገዛው የሱን ስም አይቶ ነበር፣ ሚክስ የሚያደርግ ሰው ስሙ ከዘፋኙ በላይ ሸክላ ላይ ሲወጣ ይሄ የመጀመሪያው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ሳይንቲስት የሚባለው የዳብ ኢንጂነርም ኪንግ ጃሚም የሱ ተማሪዎች ናቸው። በ1989 የካቲት ላይ ደጁ ላይ ተተኩሶበት ሞተ፣ እስካሁን ያንገበግባል።

ሊ ፔሪ እብድ ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ሁሌ ቅር ይለኛል፣ ሊ ፔሪ ፕሮዲውሰር ነው፣ ሰውየው ስለሰራው ነገር ሳይወራ ስለ ኮፍያው ይወራል። በ1968 "ፒፕል ፈኒ ቦይ"ን ሲሰራ የህፃን ለቅሶ አስገባበት፣ ምቱም ሬጌ ሬጌ መሆን ከጀመረባቸው ዘፈኖች አንዱ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። በ1973 ዋሽንግተን ጋርደንስ እቤቱ ጓሮ ብላክ አርክ የሚባለውን ስቱዲዮውን ሰራ። መሳሪያው ከሌሎቹ ስቱዲዮዎች ያነሰ ነበር፣ 4 ትራክ ቲያክ ቴፕ፣ ሮላንድ ስፔስ ኢኮ የሚባል የኢኮ ማሽን፣ አንድ ፌዘር (ድምፁን የሚያወዛውዝ መሳሪያ)፣ በቃ። ትራክ ሲሞላበት የተቀዳውን አንድ ላይ ጨፍልቆ ወደ አንድ ትራክ ያዘዋውርና በተለቀቀው ቦታ ላይ ደሞ ሌላ ይጨምራል፣ በተጨፈለቀ ቁጥር ድምፁ እየደፈረሰ እየሞቀ ይሄዳል፣ ያ ውሀ ውስጥ ያለ የሚመስለው ድምፅ ከዚህ ነው የመጣው። ጁኒየር መርቪን በ1976 "ፖሊስ ኤንድ ቲቭስ"ን የሰራው እዛ ነው፣ የኮንጎስ "ሃርት ኦፍ ዘ ኮንጎስ"ም እዛ ነው፣ ለኔ ከዛ አልበም የሚበልጥ የፕሮዲውሰር ስራ ሬጌ ውስጥ የለም። በ2021 ነሐሴ ላይ በ85 ዓመቱ አረፈ።

ቦብ ማርሌን ፕሮዲውስ ያደረገው ማነው?

ብዙ ሰው ነው፣ የቦብን ሙዚቃ በፕሮዲውሰር ከፋፍላችሁ ብትሰሙት አራት የተለያየ ሰው ይመስላችኋል። በ1962 የመጀመሪያውን "ጀጅ ኖት"ን ያስቀዳው ሌስሊ ኮንግ ነው፣ ቤቨርሊስ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ቻይናዊ ጃማይካዊ፣ ዴዝመንድ ዴከርን በ1969 "ኢዝራላይትስ" ብሎ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ያወጣውም እሱ ነው። ከዛ ቦብና ቡድኑ ዌይለርስ ኮክሰን ጋር ሄዱ፣ "ሲመር ዳውን"ን ከስካታላይትስ ባንድ ጋር ሰሩ። በ1970 ገደማ ሊ ፔሪ መጣ፣ ነጠላ፣ አጥንቱ ብቻ የቀረ ሙዚቃ፣ ብዙ የሬጌ ሰው ዌይለርስ ከሁሉም በላይ የነበሩት ያኔ ነው ይላል፣ እኔም እስማማለሁ።

ከዛ የአይላንድ ሪከርድስ ባለቤት ክሪስ ብላክዌል። 4,000 ፓውንድ ሰጥቷቸው ኪንግስተን ቀዱ፣ ቴፑን ለንደን ወስዶ የዌይን ፐርኪንስን ጊታርና የራቢት በንድሪክን ኪቦርድ ጨመረበት፣ ለሮክ ጆሮ እንዲመች ነው፣ በ1973 "ካች ኤ ፋየር" ሆኖ ወጣ። አበላሸው የሚሉ አሉ፣ ያለሱ ዓለም አይሰማቸውም ነበር የሚሉም አሉ፣ ጃማይካ የቀረውም ቅጂ በኋላ ስለታተመ ሁለቱን አስተያይታችሁ መፍረድ ትችላላችሁ።

ዘፋኞቹ ተገቢ ክፍያ አግኝተዋል?

አብዛኞቹ አላገኙም። በዛን ዘመን ለአንድ ዘፈን አንዴ ተከፍሎ ማለቅ ነው የተለመደው፣ ወረቀት ቢኖርም ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ለፕሮዲውሰሩ ነበር፣ ጃማይካ ዘመናዊ የኮፒራይት ህግ ስራ ላይ ያዋለችው በ1993 ነው። ሲስተር ናንሲ "ባም ባም"ን በ1982 "ስታላግ" ሪዲም ላይ ዘፈነችው፣ ዘፈኑ በየፊልሙ በየሂፕሆፑ ገባ፣ እሷ ግን ከ30 ዓመት በላይ ሮያሊቲ ሳላገኝ ኖሬያለሁ ብላ በአደባባይ ተናግራለች፣ አሜሪካ ውስጥ ባንክ ስትሰራ ነው የኖረችው። ፕሮዲውሰሮቹን ማድነቅና ይሄን መናገር ለኔ አይጋጩም፣ አንዱን ለሌላው ብሎ መደበቅ ነው የማይሆነው።

ሴት ፕሮዲውሰር አለች?

አለች፣ ሶኒያ ፖቲንጀር። ከ60ዎቹ ጀምራ ሰርታለች፣ ሃይ ኖት የሚባል ሌብል ነበራት፣ ማርሲያ ግሪፊትስንና ከልቸርን ፕሮዲውስ አድርጋለች፣ የዱክ ሪድ ካታሎግም በመጨረሻ ወደሷ ነው የገባው። እሷ ያወጣቻቸው ሸክላዎች ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፣ ብዙ አለመወራቷ ያሳዝናል።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ ሬጌ ሞተ የሚሉት እውነት ነው?

ነገሩ የጀመረው በአንድ የካሲዮ ኪቦርድ ነው፣ ኤምቲ 40 ይባላል፣ ለቤት ውስጥ መጫወቻ የተሰራች ርካሽ ኪቦርድ። ኖኤል ዴቪና ዌይን ስሚዝ ውስጧ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምት አገኙ፣ ምቱን የሰራችው ሂሮኮ ኦኩዳ የምትባል የካሲዮ ሰራተኛ ነች። ይዘው ኪንግ ጃሚ ጋር ሄዱ፣ ጃሚ ፍጥነቱን ቀነሰው፣ "አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ" ሆነ። በ1985 የካቲት ከብላክ ስኮርፒዮ ሳውንድ ጋር ባደረገው ክላሽ (የሳውንድ ሲስተም ፉክክር) ላይ ሲለቀው ህዝቡ አበደ፣ ከዛ ቀን በኋላ ፕሮዲውሰሩ ሁሉ ኪቦርድ ፈላጊ ሆነ። ቤዝ ተጫዋችና ድራመር ስራ አጡ፣ ይሄ እውነት ነው፣ ያማል። በሌላ በኩል ባንድ መቅጠር የማይችል የድሃ ልጅ ፕሮዲውሰር መሆን ቻለ። ሞተ አልልም፣ ጃሚ ያን ምት ቀንሶ ባዶውን ቦታ የተወበት መንገድ ከታቢ የተማረው ነው፣ አብራችሁ ስትሰሟቸው ይታወቃል።

ይሄ ሁሉ ከኢትዮጵያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ስለ ራስታና ስለ ጃንሆይ ብዙ ተብሏል፣ እኔ በፕሮዲውሰር በኩል ያለውን ልናገር። የአቢሲኒያንስን "ሳታ ማሳጋና" የማያውቅ የለም፣ በ1969 ስቱዲዮ ዋን ነው የተቀዳው፣ ኮክሰን ግን አይሸጥም ብሎ አስቀመጠው። ልጆቹ ቴፑን ገዝተው በ1971 ክሊንች በሚል በራሳቸው ሌብል አወጡት፣ የራስታ መዝሙር እስኪመስል ድረስ ተዘመረ፣ ኮክሰንም ይሄን ሲያይ የራሱን ቨርዥኖች ማውጣት ጀመረ። ትልቁ ጆሮ የሳተው ዘፈን በእኛው ቋንቋ የተሰየመው መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል።

ሌላው ዳሎል ባንድ ነው፣ ቺካጎ የነበሩ የኢትዮጵያ ልጆች። የዚጊ ማርሌና የሜሎዲ ሜከርስ "ኮንሸስ ፓርቲ" በ1988 ሲወጣ ከኋላ የተጫወቱት እነሱ ናቸው፣ ፕሮዲውሰሮቹ የቶኪንግ ሄድስ ክሪስ ፍራንትዝና ቲና ዌይማውዝ፣ አልበሙ ግራሚ አግኝቷል። በ2010 ደሞ ዳሚያን ማርሌ ከራፐሩ ናስ ጋር "አዝ ዊ ኢንተር"ን ሲሰራ የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" ሳምፕል አድርጎ ነው የሰራው፣ ጀምሮ ሲገባ ያለውን ስሙት፣ ወዲያው ነው የምታውቁት።

ለመጀመር ምን ልስማ?

አንድ ሪዲም ምረጡና ተከታተሉት፣ "ሪል ሮክ"ን መጀመሪያ ያለ ዘፋኝ፣ ቀጥሎ ዊሊ ዊልያምስን። ከዛ የኦገስተስ ፓብሎን "ኪንግ ታቢስ ሚትስ ሮከርስ አፕታውን"፣ እሱንም ጃኮብ ሚለር ከዘፈነው ከዋናው "ቤቢ አይ ላቭ ዩ ሶ" ጋር አስተያይታችሁ፣ ታቢ ምን አንስቶ ምን እንዳስቀረ ያኔ ይገባችኋል። እባካችሁ በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ ቤዙ አይወጣም፣ ደህና ኢርፎን ካላችሁ ይበቃል።